ቋንቋ መምረጫው የት ነው ያለው?

ጅማ መርካቶ አካባቢ ያለ አንድ ክሊኒክ ቀጠሮ የሚያስይዝ ድረ ገጽ አሠራ እንበል። በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቷል፤ ትርጉሙን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አርሞታል፤ ገንዘብም ወጥቶበታል። አጋሮ ያለች እናት ዘመዷ በቴሌግራም የላከላትን ሊንክ ትነካለች። የተከፈተላት እንግሊዝኛው ነው። አፋን ኦሮሞው አለ፤ ያለው ግን በባለሦስት መስመሩ ምልክት ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ «ሴቲንግስ» ከሚል ቃል ሥር ነው። ትዘጋዋለች። ትደውላለች፤ ስልኩ ካልተነሳ ልጇን አዝላ ያለ ቀጠሮ ትሳፈራለች። ያ ሁሉ የትርጉም ሥራ ለእሷ አልተሠራም።

የችግሩ ሥር አንድ ነው፦ ቋንቋ መምረጫውን የሚፈልገው ሰው የተከፈተለትን ገጽ ማንበብ የማይችለው ሰው ነው። ማንበብ የሚችለውማ ምን ያደርግለታል? «ቋንቋ ይምረጡ» ብሎ በአማርኛ ብቻ መጻፍ ቤቱን ዘግቶ ቁልፉን ውስጥ እንደመተው ነው። መምረጫው የት ይቀመጥ፣ በምን ቃል ይጻፍ፣ ኮዱ ምን ይምሰል የሚለው ሁሉ የሚመለሰው ያንን ሰው በማሰብ ነው።

ስሙ በገዛ ፊደሉ

እያንዳንዱ ቋንቋ በራሱ ስምና በራሱ ፊደል ይጻፍ፦ አማርኛ በግዕዝ ፊደል፣ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ እንግሊዝኛ በላቲን። ገጹ ወደ የትኛውም ቋንቋ ቢዞር እነዚህ ሦስት ስሞች አይነኩም። በብዛት የሚታየው ስህተት ስሞቹን ከገጹ ጋር አብሮ መተርጎም ነው። በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ አማርኛ በእንግሊዝኛ ስሙ ሲጻፍ፣ ላቲን የማያነቡ አንድ አባት ፊት ለፊታቸው ያለውን ያልፉታል። በአማርኛው ገጽ ላይ ደግሞ «እንግሊዝኛ» ተብሎ በግዕዝ ሲጻፍ፣ ለምርምር ጅማ ዩኒቨርሲቲ የመጣ የውጭ አገር ሰው ከቀረው ጽሑፍ ሊለየው አይችልም።

የቁቤው አጻጻፍ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «አፋን» የሚለው ከ«ፍ» በኋላ ሁለት «አ» ይይዛል፤ «ኦሮሞ» የሚለውም በሁለት «ኦ» ይጨርሳል። በእንግሊዝኛ ጽሑፎች የተለመደው፣ አናባቢው ያልተደረበበት አጻጻፍ እዚህ ቦታ አይሆንም። በቁቤ የአናባቢ መርዘምና ማጠር ትርጉም ይለውጣል፤ የቋንቋው ስም ራሱ ተሳስቶ ያየ አንባቢ የውስጡን ትርጉም ገና ሳያነብ መጠራጠር ይጀምራል።

ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ በሁለት የላቲን ፊደል የሚጻፉ አጫጭር ኮዶችም አይረዱም። የአማርኛ ኮድ «ኤኤም» ነው፤ ይህ ደግሞ በእንግሊዝኛ ሰዓት አጻጻፍ ከእኩለ ቀን በፊት ያለውን ጊዜ የሚያመለክት ምልክት ነው። በቀጠሮ ገጽ ላይ ከሰዓቱ ጎን ሲቀመጥ ምን ሊመስል እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ኮዱ ለማሽን ነው፤ ሰው የሚያነበው ሙሉ ስሙ ይሁን።

ባንዲራ ደግሞ ከነጭራሹ ይቅር። የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ከአማርኛ ጎን ካደረግን ከአፋን ኦሮሞ ጎን ምን እናድርግ? ሁለቱም የአንድ አገር ቋንቋዎች ናቸው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 5 ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ይናገራል። የክልል ባንዲራ ማድረግም መፍትሔ አይሆንም፤ አፋን ኦሮሞ ኬንያም ይነገራል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ባንዲራውን በኮዱ እየፈለጉ በራሳቸው የሚለጥፉ መሣሪያዎች የሚያደርሱት ጥፋት ነው። «ኤኤም» እንደ ቋንቋ ኮድ አማርኛ ነው፣ እንደ አገር ኮድ ግን አርሜኒያ። «ኦኤም» እንደ ቋንቋ ኮድ አፋን ኦሮሞ ነው፣ እንደ አገር ኮድ ኦማን። ማንም ልብ ሳይለው የጅማ ክሊኒክ ገጽ ላይ የአርሜኒያና የኦማን ባንዲራ ሊሰቀል ይችላል።

የሉል ምልክትስ? ከስሞቹ ጎን ሆኖ ዓይን ለመሳብ ይጠቅማል። ብቻውን ግን አይበቃም፤ «ኢንተርኔት» ወይም «አገር ምረጥ» ማለት የሚመስለው ብዙ ነው።

ቦታው

ከገጹ አናት ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ፣ ከማንኛውም ማውጫ ውጭ። ሦስቱም ቋንቋዎች ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፉ አርማው በግራ፣ መምረጫው በቀኝ ይሆናል። ዓረብኛ የሚጨምር ገጽ ካለ ግን የዓረብኛው ገጽ ሙሉ አቀማመጥ ይገለበጣል፤ መምረጫውም ወደ ግራ ይሄዳል።

ብዙ ጊዜ የሚሰማው መከራከሪያ «ስልክ ላይ ቦታ የለም» የሚል ነው። እንለካው። የብዙ አንድሮይድ ስልኮች ስክሪን ለድረ ገጽ የሚሰጠው ስፋት 360 ፒክስል (የስክሪን መለኪያ ነጥብ) አካባቢ ነው። በ16 ፒክስል ሲጻፍ «አማርኛ» አራት ፊደል ስለሆነ 50 ገደማ፣ በቁቤ የተጻፈው አፋን ኦሮሞ ከነክፍተቱ 12 ፊደል ስለሆነ 100 ገደማ፣ እንግሊዝኛው 7 ፊደል ስለሆነ 60 ገደማ ይወስዳሉ። በእያንዳንዱ ግራና ቀኝ 12 ፒክስል ባዶ ቦታ ብንተው ድምሩ 280 አካባቢ ነው። ከአርማው በላይ አንድ ቀጭን መስመር ይዞ በደንብ ይገባል። ስለዚህ ቋንቋዎቹ ሦስትም አራትም ሲሆኑ ተዘርግተው ይታዩ። የሚከፈት ዝርዝር የሚያስፈልገው ስድስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ነው፤ ያኔም ቁልፉ ላይ የአሁኑ ቋንቋ ስም ከሉል ምልክት ጋር ይጻፍ።

ዊኪፒዲያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቋንቋዎች አሉት። የቋንቋ ሊንኮቹ ለብዙ ዓመታት በግራ ጎን ካለው ረጅም ማውጫ ታች ይገኙ ነበር። በአዲሱ ገጽታ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 2023 በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ላይ ሥራ ላይ በዋለው፣ ከጽሑፉ ርዕስ ጎን ወደ ላይ ወጥተዋል። ያን ያህል ብዙ ቋንቋ ያለው ወደ ላይ ካወጣው ሦስት ቋንቋ ያለው ታች የሚሸሽግበት ምክንያት አይታየንም። ከገጹ ግርጌም መድገም ጥሩ ነው፤ ግርጌ ብቻ ማስቀመጥ ግን ከመደበቅ ብዙም አይለይም።

ቅደም ተከተሉ የቦታውን ልማድ ይከተል። ጅማ ውስጥ የቢሮና የሱቅ ታፔላ ሲጻፍ አፋን ኦሮሞ ከላይ፣ አማርኛ ቀጥሎ፣ እንግሊዝኛ ከታች መሆኑን ሰው ለምዶታል። ድረ ገጹም እንዲሁ ቢሆን ዓይን ቶሎ ያገኘዋል። አሁን የተከፈተው ቋንቋ ከዝርዝሩ አይጥፋ፤ ደመቅ ብሎ ወይም ከሥሩ ተሰምሮበት ይቆይ። ከጠፋ የሌሎቹ ቦታ በየገጹ ይቀያየራል፣ ጣትም ይሳሳታል።

የመነካት ስፋትም መጠን አለው። ደብሊው ስሪ ሲ የተባለው የድር ደረጃ አውጪ አካል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ባወጣው የተደራሽነት መመሪያ መሠረት የሚነካ ነገር ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል መሆን አለበት፤ ከፍ ያለው ደረጃ 44 በ44 ነው። ለሐኪም ቤት ገጽ ሁለተኛውን ይያዙ፤ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሰዎችም ይነኩታል። በጽሑፉና በጀርባው መካከል ያለው የብርሃንና የጥቁረት ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይሁን። ዲዛይነሮች የሚወዱት 777777 የተባለው ግራጫ በነጭ ላይ 4.48 ለ 1 ስለሆነ ለጥቂት ይወድቃል፤ በአንድ ደረጃ ጠቆር ያለው 767676 ያልፋል።

ፊደሉ ሳይታይ ሲቀር

ይህ ነገር ትንሽ ይመስላል፤ የሚያበላሸው ግን ዋናውን ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት የጋራ ደረጃ ውስጥ ገብቷል፤ የዛሬ ስልኮች ያነቡታል። በቆየ ኮምፒውተር ላይ ግን የግዕዝ ፎንት ላይኖር ይችላል፤ ያኔ በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ። ጥንቁቅ ሠሪዎች ለአማርኛው ገጽ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት ከገጹ ጋር ይልካሉ። የሚረሱት እንግሊዝኛውንና የአፋን ኦሮሞውን ገጽ ነው፤ «እዚያ አማርኛ የለም» ይላሉ። አለ እንጂ፤ አራት ፊደል አለ፣ እነሱም «አማርኛ» የሚሉት ናቸው። አማርኛ አንባቢው የሚፈልጋቸው ብቸኛ አራት ፊደላት ሳጥን ሆነው ይወጣሉ።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ከፎንቱ ውስጥ አራቱን ፊደላት ብቻ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፤ ፋይሉ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ስለሚሆን ኔትወርክ ሲደክምም ይደርሳል። ቃሉን በሥዕል መተካት ግን አይመከርም፤ ሲያሳድጉት ይደበዝዛል፣ ማየት ለተሳናቸው ስክሪን የሚያነብ ፕሮግራምም አያገኘውም። የግዕዝ ፊደል እጅና እግሩ ብዙ ስለሆነ ከ14 ፒክስል ሲያንስ ይደፈናል፤ 16 ይሁን።

መገመት ይቻላል፣ መወሰን አይቻልም

ብዙ ገጾች የስልኩን ቋንቋ አይተው ራሳቸው ይወስናሉ። ብራውዘሩ ገጽ ሲጠይቅ የስልኩ ባለቤት የመረጣቸውን ቋንቋዎች አብሮ ይልካል፤ ችግሩ እኛ ዘንድ የብዙ ሰው ስልክ እንግሊዝኛ ላይ መሆኑ ነው። ያ ማለት ባለቤቱ እንግሊዝኛ ያነባል ማለት አይደለም፤ ስልኩ ከሱቅ ሲወጣ እንደዚያ ነበር ማለት ነው። በኢንተርኔት አድራሻው በኩል አገሩን ማወቅም አይረዳም። «ኢትዮጵያ» የሚል መልስ ይመጣል እንጂ ሰውየው ሄርማታ ሰፈር ተቀምጦ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ ዳውሮኛ ወይም ካፊኛ ይናገር እንደሆነ አይናገርም።

ግምት እንደ ሐሳብ ይቅረብ። ገጹ በተጠየቀው ቋንቋ ይከፈት፤ ከላይ አንድ መስመር ላይ፣ በተገመተው ቋንቋ ተጽፎ፣ ወደዚያ መሄድ ይቻላል ይባል። ሰውን ሳይጠይቁ ወደ ሌላ ቋንቋ ገጽ መወርወር ግን አንባቢውንም የፍለጋ ውጤቱንም ይጎዳል። የጉግል ገጽ ሰብሳቢ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ከአሜሪካ አድራሻ ይመጣል፤ የቋንቋ ምርጫም አብሮ አይልክም። በግድ የሚያዞር ገጽ ሁልጊዜ እንግሊዝኛውን ካሳየው አማርኛውና አፋን ኦሮሞው ከፍለጋ ውጤት ይጠፋሉ።

መጀመሪያ ሙሉ ገጽ ሸፍኖ «ቋንቋ ምረጥ» የሚል በርም እንዲሁ አይመከርም። አብዛኛው ሰው የሚገባው በፊት በር አይደለም፤ ከቴሌግራም በተላከ ሊንክ በቀጥታ ውስጠኛው ገጽ ላይ ያርፋል። መምረጫው በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ይሁን ያልነውም ስለዚህ ነው።

ሰው አንዴ ከመረጠ ምርጫው በኩኪ፣ ማለትም ብራውዘሩ በሚይዘው ትንሽ ማስታወሻ፣ ይቀመጥለት። ቋንቋው ግን ኩኪው ውስጥ ብቻ አይኑር፤ በአድራሻው ላይም ይታይ። ከድረ ገጹ ስም ቀጥሎ በእዝባር (/) መሃል የቋንቋው ኮድ ሲገባ እያንዳንዱ ገጽ ለየቋንቋው የራሱ አድራሻ ይኖረዋል። ይህ ካልተደረገ ልጅየው በአማርኛ ያነበበውን ሊንክ ለአባቱ ሲልክ አባት ዘንድ በእንግሊዝኛ ይከፈታል፤ ሁለቱም አንድ ነገር እያዩ ይመስላቸዋል። የቀረው የአድራሻው ክፍል በላቲን ቢሆን ይሻላል። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የድር ፊደል አጻጻፍ ሦስት ባይት ስለሚወስድ አድራሻ ላይ ሲገባ ወደ ዘጠኝ ምልክት ይቀየራል፤ አሥር ፊደል ያለው ርዕስ ሊንኩ ሲቀዳ 90 የተዘበራረቁ ምልክቶች ይሆናል። እንዲህ ያለ ሊንክ ያየ ሰው አጭበርባሪ የላከው ይመስለዋል።

ከተነካ በኋላ

መምረጫው ሲነካ የሚከፈተው ያው ገጽ በሌላ ቋንቋ መሆን አለበት። ስለ ክትባት ቀን እያነበበ የነበረን ሰው ወደ መጀመሪያው ገጽ መመለስ ፍለጋውን ከዜሮ ማስጀመር ነው። የዚያ ገጽ ትርጉም ገና ካልተሠራ ይህ በግልጽ ይነገረው፤ የሚነገረውም በመረጠው ቋንቋ ነው፤ ከሥሩም ስልክ ቁጥር ይቀመጥ። በዝምታ ሌላ ቋንቋ መክፈት ወይም ስህተት የሚል ባዶ ገጽ ማሳየት አመኔታ ያሳጣል።

ቅጽ እየተሞላ ቋንቋ ሲቀየር የተጻፈው ስም፣ ስልክና ቀን አይጥፋ። በቀጠሮ ገጽ ላይ ከዚህ የባሰ የሰዓት ወጥመድ አለ። በእንግሊዝኛው የጠዋት 9:00 የተባለውን ተርጓሚ ፕሮግራም በአማርኛ «ከጠዋቱ 9 ሰዓት» ሲለው ትክክለኛው ግን «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ነው። ታካሚዋ ዘጠኝን ብቻ ይዛ ከሰዓት በኋላ ከመጣች ስድስት ሰዓት ዘግይታለች። ቀኑም እንዲሁ፦ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በእንግሊዝኛው ገጽ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነው። በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ከቀኑ ጎን ይገለጽ።

በማሽን የሚተረጉም ቁልፍ ለጥፎ «ሁሉም ቋንቋ አለን» ማለትም ይታያል። ጉግል ትራንስሌት አማርኛን እ.ኤ.አ. በ2016፣ አፋን ኦሮሞን በ2022 ጨምሯል፤ ለጠቅላላ ንባብ ይረዳል። የመድኃኒት መጠንና «ሳይበሉ ይምጡ» የሚል ትእዛዝ ግን ሰው ሳያርመው አይለጠፍ። በማሽን የተተረጎመ ገጽ ካለ መሆኑ በዚያው ቋንቋ ይጻፍበት።

ለሠሪው

መምረጫው በተራ ሊንክ ይሠራ። ከገጹ ጋር በሚላክ ፕሮግራም (በጃቫስክሪፕት) ብቻ የሚሠራ ከሆነ ኔትወርክ ደክሞ ስክሪፕቱ እስኪመጣ ድረስ ጣት ቢነካውም አይንቀሳቀስም። የሚከፈት ዝርዝር ሲሆን ደግሞ ገና ስሙ ላይ ሲደረስ ገጹ እንዳይቀየር ይጠንቀቁ፤ በኪቦርድ ብቻ የሚሠራ ሰው ወደ ሦስተኛው ቋንቋ ሊደርስ ሲል ሁለተኛው ላይ ይጣላል።

የእያንዳንዱ ገጽ ኮድ መጀመሪያ ላይ «ላንግ» በሚባለው ባህሪ የገጹ ቋንቋ ይጻፍ፤ መምረጫው ውስጥ ያሉት ሦስቱ ስሞችም ለየብቻ የራሳቸው «ላንግ» ይኑራቸው። አለበለዚያ ስክሪን አንባቢው የቁቤውን ስም በእንግሊዝኛ አነባበብ ያበላሸዋል። ለፍለጋ «ኤችሬፍላንግ» የተባለው መስመር ይጨመር፤ እያንዳንዱ ገጽ የራሱንም የሌሎቹንም አድራሻ ይዘርዝር። አማርኛው ወደ ኦሮምኛው እያመለከተ ኦሮምኛው ወደ አማርኛው ካላመለከተ ጉግል ግንኙነቱን ችላ ይለዋል። ኮዶቹ ላይ ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ፦ ለአማርኛ «ኢቲ» መጻፍ፣ እሱ እንደ ቋንቋ ኮድ የኢስቶኒያ ነው፤ ለአፋን ኦሮሞ «ኦአር» መጻፍ፣ እሱ ደግሞ የሕንዱ ኦዲያ ቋንቋ ነው።

ዎርድፕረስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ ፖሊላንግ የተባለውን የብዙ ቋንቋ ተጨማሪ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ሰዎች ከመምረጫው ምርጫዎች ውስጥ ስም የሚያሳየውን ያብሩ፣ ባንዲራ የሚያሳየውን ያጥፉ፤ ወደ መጀመሪያው ገጽ በግድ የሚወስደውንና የአሁኑን ቋንቋ የሚደብቀውንም ያጥፉ። መምረጫው በማውጫው ውስጥ ከተጨመረ በኮምፒውተር ላይ ጥሩ ሆኖ ይታይና ስልክ ላይ ከማውጫው ጋር አብሮ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ከማውጫው ውጭ፣ በገጹ ራስጌ ላይ ይቀመጥ።

ለሙከራ የሠራው ሰው ስልክ አይሆንም፤ ኩኪው ምርጫውን አስቀምጦታል። ሌላ ስልክ ተወስዶ፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ ተደርጎ፣ የውስጠኛ ገጽ ሊንክ በቴሌግራም ተልኮለት ይከፈት። ከዚያ ገጹን አይቶ ለማያውቅ ሰው ይሰጥና «በሚያነቡት ቋንቋ ያድርጉት» ብቻ ይባል፤ በጣት አይጠቆም። ገጹን ወደ ታች ሳይገፋ በአንድ ንክኪ ካልደረሰ ቦታው ወይም ቃሉ ተሳስቷል። ለእያንዳንዱ ቋንቋ አምስት ሰው ቢሞከር ትልልቆቹ ችግሮች ይወጣሉ፤ ከአምስቱ አንድ ሁለቱ ዕድሜያቸው የገፋ ይሁኑ።

በበሩ ላይ የሚለጠፈው ወረቀትም የመምረጫው አካል ነው። በሦስት ቋንቋ ተጽፎ ከሥሩ አንድ ኪውአር ኮድ ብቻ የሚታተም ከሆነ ሦስቱም አንባቢዎች አንድ ቋንቋ ላይ ያርፋሉ። ከአፋን ኦሮሞው ጽሑፍ ጎን ወደ አፋን ኦሮሞው አድራሻ፣ ከአማርኛው ጎን ወደ አማርኛው የሚወስድ የየራሱ ኮድ ይታተም፤ በመካከላቸው ካሜራ አንዱን ብቻ እንዲይዝ ቢያንስ አንድ መዳፍ የሚያህል ርቀት ይተው።